ስንቅ ያጣ ወታደር
(ስለ ቈዳ ነቀርሳና ስለ ሰውነት የመከላከያ ኀይል በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ጦር የሚሸነፈው መሣሪያ ወይም ወኔ በማጣት ብቻ አይደለም። ጀግናም ቢሆን፤ መሣሪያውም የተወለወለ ቢሆን፤ ስንቁ ያለቀበት ጦር ጥቂት ቀን ተዋግቶ መድከሙ አይቀርም። የቀደሙ አባቶቻችን ለዘመቻ ሲነሡ በሶውን፣ ቈሎውንና ድርቆሹን አስቀድመው ያሰናዱ የነበረው ይህን በማወቃቸው ነው። ዛሬ የምናነሣው ነገር ግን የጦር ሜዳ ታሪክ ሳይሆን በገዛ ሰውነታችን ውስጥ የሚደረግ ውጊያ ነው። ይኸውም ሜላኖማ በሚባለው ብርቱ የቈዳ ነቀርሳና በሰውነታችን የመከላከያ ኀይል መካከል የሚደረገው ትግል ነው።

ይህ ጕዳይ የሐኪሞች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ከየመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች መካከል ዘመዱ በነቀርሳ፤ ዛሬ በብዛት ካንሰር በምንለው በሽታ፤ የታመመበት ሰው አይጠፋም። እንዲህ ላለው ሰው ከየአቅጣጫው ምክር ይጐርፍለታል። አንዱ «ነቀርሳ የሚበላው ስኳር ነውና ስኳር ከልክሉት» ይላል፤ ሌላው «እህል ባይቀምስ በሽታው በረኃብ ይሞታል» ይላል። ይህ ምክር ከምን እንደ ተነሣ፤ እውነቱ የት ላይ እንደሚያበቃና ስሕተቱ የት ላይ እንደሚጀምር ማወቅ የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ሊቃውንት መርምረው የጻፉትን ነገር ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የቈዳችንን ቀለም የሚሠሩ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ጥሰው ያለ ልክ መባዛት ሲጀምሩ ሜላኖማ ይሆናሉ። በሽታው ከቈዳ ላይ ብቻ ቢቀር ቈርጦ ማውጣት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ጊዜ ካገኘ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጕበትና ወደ አንጎል ይዛመታል። ነጭ ቈዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ ዋናው መነሻ አልትራ ቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር ነው። ጥቁር ሰው በቀለሙ ብዛት ከዚህ ጨረር ስለሚጠበቅ በሽታው በእኛ ዘንድ ያንን ያህል አይበዛም። ይሁን እንጂ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በጥቁር ሰው ላይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማያዘወትረው ቦታ፤ በውስጥ እግር፣ በእጅ መዳፍና በጥፍር ሥር ይነሣል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1977 የተገኘበት በሽታ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የተነሣ ሜላኖማ ነበር። በ1981 በ36 ዓመት ዕድሜው የሞተው በዚሁ በሽታ ነው።

ሰውነታችን ከእንዲህ ያለው ጠላት የሚከላከልበት ሠራዊት አለው። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ቲ ሴል የሚባሉት በየሥፍራው እየዞሩ ባዕድ የሆነውን ወይም ከሥርዐት የወጣውን ሕዋስ ፈልገው ይገድላሉ። ነገር ግን ወታደር ሁሉ አዛዥና ልጓም ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ የገዛ ወገኑን ይፈጃል። ስለዚህ በእነዚህ ሕዋሳት ላይ እንደ መኪና ፍሬን ያለ መግቻ ተሠርቶባቸዋል። በ1992 ታሱኩ ሆንጆ የተባሉት የጃፓን ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ፒ.ዲ. 1 የተባለውን ነገር አገኙ፤ ፍሬን መሆኑም ኋላ ታወቀ። በ1996 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ባልደረቦቻቸው ሲ.ቲ.ኤል.ኤ. 4 የሚባለው ሌላ ፍሬን ቢያዝ የአይጦች ዕጢ ሊጠፋ እንደሚችል አሳዩ። ነቀርሳው ተንኰለኛ በመሆኑ እነዚህን ፍሬኖች እየረገጠ ወታደሮቹን ያቆማቸው ኖሯል። ሁለቱ ሊቃውንት በ2018 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጣቸው።

ከዚህም ግኝት የተነሣ ፍሬኑን የሚያላቅቁ መድኃኒቶች ተሠሩ። በአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ኢፒሊሙማብ በ2011፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ለሜላኖማ በሽተኞች መሰጠት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ሜላኖማ ወደ ውስጥ አካሉ የተዛመተበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ይሞት ነበር። በ945 በሽተኞች ላይ የተደረገ አንድ ትልቅ ፈተና ግን በ2024 የዐሥር ዓመት ውጤቱ ሲገለጽ፤ ኒቮሉማብንና ኢፒሊሙማብን በአንድነት ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 43ቱ፤ ኒቮሉማብን ብቻ ከወሰዱት 37ቱ፤ ኢፒሊሙማብን ብቻ ከወሰዱት 19ኙ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝተዋል። ይህ በሕክምና ታሪክ ታላቅ እመርታ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን ገልብጠን ብናየው፤ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድነት ከወሰዱት መካከል እንኳ ከግማሽ የሚበልጡት ዐሥሩን ዓመት አልተሻገሩም። ይልቁንም እኛን በሚመለከት፤ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር የሚነሣው ሜላኖማ ፀሐይ ካመጣው ሜላኖማ ይልቅ ለእነዚህ መድኃኒቶች የሚሰጠው መልስ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ፍሬኑ ተላቆ ሳለ መኪናው የማይንቀሳቀሰው ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ነቀርሳ ወታደሮቹ የሚያውቁትን ምልክት ደብቆ ይኖራል። በአንዳንዱ ዘንድ ደግሞ ወታደሮቹ ወደ ዕጢው ጨርሶ አይገቡም። ሦስተኛው ምክንያት ግን የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ነው። ወታደሮቹ ገብተዋል፤ ፍሬናቸውም ተላቋል፤ ዳሩ ግን በገቡበት ሥፍራ ምግብና አየር አጥተው ይደክማሉ። ፍሬን ቢለቀቅ ቤንዚን ከሌለ መኪና አይሄድም።

ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መቶ ዓመት እንመለስ። በ1920ዎቹ ዓመታት ኦቶ ዋርቡርግ የተባሉት የጀርመን ሊቅ በበርሊን ሆነው የነቀርሳ ሕዋሳት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያቃጥሉ ይመረምሩ ነበር። ጤነኛ ሕዋስ ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር በኦክሲጅን አማካይነት ፈጽሞ ያቃጥለዋል፤ ከአንዲት የስኳር ቅንጣትም 30 ያህል የኀይል ሳንቲም ያገኛል ብንል ያስኬዳል። የነቀርሳ ሕዋስ ግን ኦክሲጅን በአጠገቡ እያለ እንኳ ብዙውን ስኳር እንደ ጠላ እርሾ እያብላላ በከፊል ብቻ ይጠቀምበታል፤ ከአንዲቱም ቅንጣት የሚያገኘው 2 ሳንቲም ብቻ ነው። የተረፈውን ላክቲክ አሲድ አድርጎ ወደ ውጭ ይደፋዋል። ይህ አሲድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እርጎን የሚያጐመዝዘው እሱ ነው።

እንዲህ ያለው አባካኝነት ለነቀርሳው ምን ይጠቅመዋል? ዋርቡርግ የሕዋሱ መተንፈሻ መሣሪያ ስለ ተበላሸ ነው ብለው አስበው ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን በብዙ ነቀርሳዎች ዘንድ መሣሪያው ደኅና መሆኑን አረጋገጡ። የሚበልጠው ማስረጃ የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። ቤት የሚሠራ ሰው እንጨቱን ሁሉ ማገዶ አያደርገውም፤ ምሰሶና ማገር ያደርገዋል። ነቀርሳውም ሌት ተቀን አዳዲስ ሕዋሳት ስለሚሠራ ስኳሩን ከማገዶነት ይልቅ ለግንባታ ይፈልገዋል። ስለዚህ ስኳር በብዛት ይስባል፤ አሲድ በብዛት ያፈስሳል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለውጊያ የተነሣ ቲ ሴልም ቍጥሩን ለማብዛትና መሣሪያውን ለመሥራት ብዙ ስኳር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወታደሩና ጠላቱ ከአንድ መሶብ ይቀርባሉ። በ2015 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአይጦች ዕጢ ላይ ይህን ሽሚያ አሳዩ፤ ዕጢው ስኳሩን ሲሻማ የቲ ሴሎቹ የመዋጋት ኀይል ወደቀ። በዚያው ዓመት በየል ዩኒቨርሲቲ የተመራ ሌላ ጥናት፤ ስኳር ቢያጥራቸውም ከስኳር የሚገኘውን አንድ አስፈላጊ ነገር ራሳቸው እንዲሠሩ የተደረጉ ቲ ሴሎች የአይጦችን ሜላኖማ ከቀድሞው በተሻለ እንደ ገቱ አስታወቀ። ወታደሩ የተሸነፈው ፈሪ ስለ ነበረ ሳይሆን ስንቅ ስላጣ ነው ማለት ነው።

የስኳሩ ሽሚያ ሳይበቃ አሲዱ ደግሞ ይከተላል። በ2016 በጀርመን በሬገንስቡርግ የተመራ ጥናት ላክቲክ አሲድ እንደ ልብ የማይሠራ ሜላኖማ በአይጦች ላይ ተከለ። ዕጢው የመከላከያ ኀይላቸው ሙሉ በሆነ አይጦች ላይ እድገቱ ዘገየ፤ አሲዱን በብዛት በሚሠራው ዕጢ ውስጥ ግን ቲ ሴሎቹ ሲዳከሙ ታየ። ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ላክቲክ አሲድን በመሥራት ረገድ የሚያገለግል ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ነገር አለ፤ ሐኪሞችም የተዛመተ ሜላኖማ ያለበትን ሰው ደም ሲመረምሩ የዚህን ነገር መጠን ይለካሉ። መጠኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ በሽታው የከበደ፤ መድኃኒቶቹም የሚሠሩበት ዕድል ያነሰ መሆኑን ያውቃሉ።

ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። በሰውነታችን ሠራዊት ውስጥ ወታደሮቹን የሚያረጋጉ፤ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ያሉ፤ ተቈጣጣሪ ቲ ሴሎች ይገኛሉ። በጤና ጊዜ ያለ እነሱ መኖር አይቻልም። በ2021 የፒትስበርግ ሊቃውንት እነዚህ ተቈጣጣሪዎች ሌላውን ወታደር የሚያዳክመውን ያንኑ አሲድ እየተመገቡ በዕጢው ውስጥ እንደሚበረቱ ገለጡ። በ2022 ደግሞ የጃፓን ሊቃውንት አሲድ በበዛበት ዕጢ ውስጥ ተቈጣጣሪዎቹ ፒ.ዲ. 1 የተባለውን ፍሬን በብዛት ይዘው እንደሚገኙ አሳዩ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ሐኪሙ የተዋጊዎቹን ፍሬን ለማላቀቅ መድኃኒት ሲሰጥ፤ በእንዲህ ያለው ዕጢ ውስጥ የሚላቀቀው የተቈጣጣሪዎቹም ፍሬን ይሆናል። «በቃችሁ፤ ተመለሱ» የሚለው ድምፅ ይበረታል፤ ተዋጊው ጦር ይመለሳል። ለማዳን የተሰጠው መድኃኒት ለጠላት ረዳት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሌላው ስንቅ አየር ነው። በ2019 የፒትስበርግ ሊቃውንት ከሜላኖማ በሽተኞች የተወሰዱ ሕዋሳትን መርምረው፤ ኦክሲጅንን አብዝቶ የሚያቃጥል ዕጢ ያለባቸው ሰዎች በፒ.ዲ. 1 መድኃኒት የመዳን ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አገኙት። ዕጢው አየሩን ሲጨርሰው ቲ ሴሎቹ ታፍነው ይደክማሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በእስራኤል የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የ116 የሜላኖማ በሽተኞችን ናሙና መርምረው፤ ለሕክምናው ደኅና መልስ በሰጡት ሰዎች ዕጢ ውስጥ በኦክሲጅን የማቃጠሉና ስብ የመጠቀሙ ሥራ የበረታ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መንገድ የሚኖር ሕዋስ ወታደሮቹ የሚያውቁትን ምልክት ይበልጥ አጕልቶ ያሳያል አሉ።

ሁለቱ ጥናቶች ላይ ላዩን ሲያዩአቸው ይጋጫሉ። ነገር ግን አንድ ገበሬ የእርሻው ውሃ ሲበዛበትም ሲያንስበትም እንደሚጐዳ ሁሉ፤ አንዱ የሕዋስ ሥራ በአንድ በኩል አየር ሲያሳጣ በሌላ በኩል ምልክት ሊያጋልጥ ይችላል። በ2021 የወጣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። በአይጦች ዕጢ ውስጥ ሕዋስ ለሕዋስ ሲነጻጸር፤ ስኳሩን ከሁሉ አብልጦ የሚወስደው ነቀርሳው ራሱ ሳይሆን በዕጢው ውስጥ የሰፈሩ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ሆነው ተገኙ። ነቀርሳው ይበልጥ የሚሻማው ግሉታሚን የሚባለውን ሌላ ምግብ ነበር። እንግዲህ «ነቀርሳ ስኳር ይበላል» የሚለው አባባል የእውነቱ ቍራጭ እንጂ ሙሉው እውነት አይደለም።

ቍራጭ እውነት ይዞ መሮጥ የሚያስከትለውን ነገር ሊቃውንቱም ቀምሰውታል። ትሪፕቶፋን የሚባል የምግብ ንጥረ ነገር አለ፤ ቲ ሴሎች ያለ እሱ አይበረቱም። በ1998 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር፤ ፅንስ ከእናቱ የመከላከያ ኀይል የሚጠበቅበት አንዱ መንገድ አይ.ዲ.ኦ. በሚባል ነገር ይህን ምግብ በማጥፋት እንደ ሆነ ታወቀ። ነቀርሳም ይህንኑ ዘዴ እንደሚጠቀምበት ተገለጸ። ስለዚህ አይ.ዲ.ኦ.ን የሚገታ ኤፓካዶስታት የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር በ706 የሜላኖማ በሽተኞች ላይ ተፈተነ። ተስፋው ታላቅ ነበር። በ2018 ውጤቱ ሲታይ ግን መድኃኒቱ የተጨመረላቸው ካልተጨመረላቸው አልተሻሉም። ነቀርሳ ብዙ በር ያለው ቤት ነው፤ አንዱን በር ቢዘጉበት በሌላው ይወጣል።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ተዘጋ ማለት አይደለም። በ2019 የጆንስ ሆፕኪንስ ሊቃውንት በአይጦች ላይ የግሉታሚንን ጥቅም የሚከለክል መድኃኒት ቢሰጡ፤ ነቀርሳው ሲዳከም ቲ ሴሎቹ ግን ሌላ የምግብ መንገድ አግኝተው በረቱ። የጠላትን ስንቅ እየቈረጡ የወገንን ስንቅ አለመንካት ይቻል እንደ ሆነ ዛሬ የሚመረመረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው። ጥበቡ ያለው በመለየቱ ላይ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ምክር እንመለስ። «ስኳር ከልክሉት፤ እህል አታቅምሱት» የሚለው ምክር የሚሳሳተው በዚሁ ባለመለየቱ ነው። አንድ ሰው ምግብ ቢተው ጕበቱ ራሱ ስኳር እየሠራ ወደ ደሙ ይልካል፤ ምክንያቱም አንጎል ያለ እሱ አይውልም። ስለዚህ ዕጢው አይራብም፤ ሰውየው ግን ይከሳል፤ ጡንቻው ይሟሟል፤ ሕክምናውን የሚሸከምበት አቅሙ ይደክማል። የጠላትን ስንቅ ቈረጥን ብለን የገዛ ጦራችንን አስራብን ማለት ነው። በሽተኛ ደኅና አድርጎ መመገብ አለበት፤ የስኳር በሽታ ወይም ሌላ ምክንያት ካለውም አመጋገቡን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። በ2021 በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ በተመራ ጥናት፤ ይህን ሕክምና ከሚወስዱ 128 የሜላኖማ በሽተኞች መካከል አሠር ያለበትን ምግብ በበቂ የሚመገቡት በሽታቸው ረዘም ላለ ጊዜ ተገትቶ ታይቷል። ጥናቱ የሰዎቹን ልማድ ተመልክቶ የጻፈ እንጂ ምግቡ ብቻውን እንዳዳናቸው ያረጋገጠ አይደለም። ቢሆንም ምስርና አተር፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ የለመደ ገበታ ለዚህ ምክር እንግዳ አይሆንም። በአይጥ ላይ ብቻ የተፈተነውን መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቶ በገዛ እጅ መዋጥ ግን ከድፍረትም ድፍረት ነው።

ሁለተኛው ምክር ከሁሉ ይቀድማል። ፍሬን የሚያላቅቁት መድኃኒቶች ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው፤ ተገኝተውም ለሁሉ እንደማይሠሩ አይተናል። ስስ ሳለ የተገኘ ሜላኖማ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀላል የቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ስለዚህ እግራችሁን በታጠባችሁ ጊዜ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ፣ የጣቶቻችሁን መካከልና ጥፍራችሁን ተመልከቱ፤ ማየት ለማይችሉት ሽማግሌ ወላጆቻችሁም እናንተ እዩላቸው። «ማርያም የሳመችው» ከሚባለው ከጥንቱ ነጥብ የተለየ፤ ግራና ቀኙ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ቀለሙ የተደበላለቀ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ወይም በየወሩ የሚለዋወጥ ጥቁር ምልክት ብታገኙ፤ ቶሎ ለሐኪም አሳዩ። በጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መታየቱ የተለመደ ነገር በመሆኑ አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን መስመሩ ዐዲስ ከሆነ፣ እየሰፋ ከሄደ ወይም ወደ ሥጋው ከተሻገረ ይመርመር። የማይድን የውስጥ እግር ቍስልም «ጫማ ልጦኝ ነው» ተብሎ ለወራት አይተው። ከሁሉም በላይ በምላጭ አይቈረጥ፤ በእሳትም አይተኰስ።

ሊቃውንቱ በየቤተ ሙከራቸው የወታደሩን ስንቅ ከጠላት አፍ ለማስጣል ይደክማሉ፤ ድካማቸውም ፍሬ እንዲያፈራ ምኞታችን ነው። እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለው ጥበብ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት በሽተኛውን አያስርበው፤ በሽተኛ የሌለበትም ቤት ውስጥ እግሩን ማየት አይርሳ።